ትን የማይለው ሕፃን

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በንግግርና ቋንቋ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ትምህርት የገባሁት የሚንተባተቡና አፋቸውን ለመፍታት የዘገዩ ልጆችን ለመርዳት ብዬ ነው። ባለፈው ወር ለልምምድ ሕፃናት ክፍል ተመደብኩ፤ እዚያ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መዋጥና መመገብ ሆኖ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ጡጦ የምትጠባ ሕፃን ፊት ቆሜ ማስታወሻ እየያዝኩ ሳለ አስተማሪዬ ድንገት እናትየውን ‹ይበቃል፣ አውጪው› አለቻት። ቀና ስል የሕፃኗ ከንፈር ዙሪያ ጠቁሯል። እኔ ምንም አላየሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ነርቮቹንና ጡንቻዎቹን በቃሌ እሸመድዳለሁ። ፈተና አልወድቅም፤ ጠዋት አልጋው አጠገብ ስቆም ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ልጅ እጄ ላይ ይታነቅብኛል ብዬም እፈራለሁ። ይህን ዘርፍ ልምረጠው ወይስ ወደ ንግግሩ ልመለስ? ከመረጥኩትስ እንዴት ነው የሚጠናው?

ደብተሯን ያቀፈችው»

መልስ፦

ውድ ባለ ደብተሯ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ወደ ኋላ ተመልሼ የፈለግኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «እኔ ምንም አላየሁም ነበር» ያልሻት። ልምረጠው ወይስ ልተወው የሚለው ትንሽ ይቆየን። መልሱ ያለው እዚያችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ግን ፍርሃትሽን እንለየው። አማርኛችን በዚህ ነገር ሀብታም ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚያምታታቸውን ሦስት ነገሮች በሦስት ቃል ለይቶ አስቀምጦልናል። ቋቅ ማለት አለ፤ ልጁ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ወደ ፊት ይገፋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ድምፅ እያሰማ የገባውን ይመልሳል። ይህ ዘበኛ ነው። በጨቅላነት ዘበኛው የሚቆመው ምላስ ላይ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ነው፤ ልጁ ምግብ እየለመደ ሲሄድ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ስለዚህ በ6 ወሩ ከወተት ሌላ ምግብ የጀመረ ልጅ ገና ማንኪያ ሲቀምስ ቋቅ ቢለው አትደንግጪ፤ አንቺ ስትደነግጪ እሱም መደንገጥን ይማራል። ትን ማለት ሌላ ነው፤ ወደ አየር መንገዱ ያመለጠ ነገር አለ፣ ሳል ተነስቶ እያባረረው ነው። መታነቅ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ነው። ያኔ ሳልም ለቅሶም የለም፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ድምፅ እምቢ ይለዋል።

ለመታነቅ የሚያስፈልግሽ እጅ እንጂ ድፍረት አይደለም። ሰው እንዲጠራልሽ ትጮኺያለሽ፤ ከ1 ዓመት በታች የሆነውን ሕፃን ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጀርባውን ትመቺዋለሽ፣ ካልወጣ ገልብጠሽ 5 ጊዜ ደረቱን ትጫኚዋለሽ፣ እንዲህ እያፈራረቅሽ ትቀጥያለሽ። በዚህ ዕድሜ ሆድ መጫን የለም። ይህ ግን ከጽሑፍ የሚለመድ ስላልሆነ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ገብተሽ አሻንጉሊት ላይ እጅሽ እስኪለምደው ሥሪው። የፍርሃትሽ ግማሹ እዚያ ይቀራል።

ለአራተኛው ነገር ግን ቃል የለንም፤ እኔን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ እሱ ነው። ወተቱ ከድምፅ አውታሮቹ አልፎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ልጁ ግን አይስልም፣ ትን አይለውም፣ ፊቱም አይለዋወጥም። በሙያው ጸጥተኛ አስፒሬሽን እንለዋለን። ሮዘንቤክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት፣ ዛሬም የምንሠራበት ባለ 8 ደረጃ መለኪያ አለ፤ የተዋጠው ነገር ወደ አየር መንገዱ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባና አካል ለማስወጣት ታግሎ እንደሆነ ይመዝናል። 1 ማለት ምንም አልገባም ነው። 7 ላይ ከድምፅ አውታሮቹ በታች ወርዷል፣ ሰውየውም ለማስወጣት ታግሎ አልሆነለትም። 8ስ? ወርዷል፤ ሰውየው ምንም አላደረገም። የመለኪያው የመጨረሻ ጫፍ ዝምታ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ቢሆን ደስ ባለኝ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ የ8 ወር ወንድ ልጅ መጣልኝ። እናቱ «እሱ እኮ ሲጠጣ ትን ብሎት አያውቅም» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ጡጦውን እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ አየሁት። አልሳለም። «ለመዋጥ ችግር የለበትም» ብዬ ፈረምኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሳንባ ምች ተኝቶ አገኘሁት። ካርዱን ወደ ኋላ ስገልጥ ይህ ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ያኔም እዚያው ካርድ ላይ ተጽፈው ሳላያቸው አልፌያለሁ። በኤክስሬይ ቪዲዮ ሲታይ፣ ጥቂት ጊዜ ከዋጠ በኋላ ወተቱ እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ወደ አየር ቧንቧው ይወርዳል። ልጁ እያየን ይስቃል።

ከዚያ ወዲህ «ትን ይለዋል?» ብዬ ጠይቄ አላቆምም። ደረቱን ስንት ጊዜ አመመው? ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውሃ የቋጠረ ይመስላል? ጡጦ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሳይጠግብ መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል? ሲመገብ ያልበዋል? እናት መልሱን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የጠየቃት ስላልነበረ ነው ያልተናገረችው።

አሁን ወደ አንቺ ሕፃን እንመለስ። ስትጽፊ ካልነበረ ዓይንሽ የነበረው አፏ ላይ ነው፤ ልክ ነኝ? ሁላችንም የምንጀምረው ከአፍ ነው፤ የትምህርቱም ስም ወደዚያው ይመራል። የእኔ ምክር ለአንድ ወር አፉን ተይውና እስትንፋሱን ተማሪ የሚል ነው። መዋጥ ማለት ለአፍታ መተንፈስ ማቆም ነው፤ የምግብና የአየር መንገድ ጉሮሮ ላይ አንድ በር ይጋራሉና።

እስኪ አሁኑኑ ሞክሪው። ሌባ ጣትሽን ከአገጭሽ ሥር፣ የመሐል ጣትሽን ከዚያ ዝቅ ብላ ባለችው ትንሽ አጥንት ላይ (ከየትኛውም አጥንት ጋር ሳትጋጠም በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥላ የምትኖር ብቸኛ አጥንት ናት፤ ሁሌም ትገርመኛለች)፣ የቀለበት ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አሳርፈሽ ምራቅሽን ዋጪ። መጀመሪያ ምላስሽ ይገፋል፣ ወዲያው ማንቁርትሽ ወደ ላይና ወደ ፊት ዘሎ ይመለሳል። በጉሮሮ በኩል ያለው ሥራ 1 ሰከንድ ገደማ ነው። ድገሚውና አሁን አፍንጫሽን ብቻ አዳምጪ። አየሩ ቆመ፤ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ሦስተኛው ሙከራ፦ ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ ገና እያለከለክሽ ሳለ አንድ ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ሞክሪ። አንድ ብቻ ይበቃሻል። ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው ያልጠና ሕፃን በቀን ስምንት ጊዜ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ ያውም ከአንድ ጉንጭ ሳይሆን ከሙሉ ጡጦ ጋር።

ቁጥሩንም ልስጥሽ። ወተት የሚጠባ ሕፃን በሰከንድ 1 ጊዜ ገደማ ይስባል። ለማባበያ ባዶ ጫፍ ሲሰጠው ግን ወደ 2 ጊዜ ይፈጥናል። ይህን ልዩነት ያለ ሰዓት በዓይንሽ ብቻ መለየት ስትችዪ፣ ወተት እየመጣለት ነው ወይስ በከንቱ እየደከመ ነው የሚለውን ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀጥሎ፦ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚተነፍስ ሕፃን ለአንድ እስትንፋስ ያለው 1 ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ መዋጥ ከዚያች ሰከንድ ላይ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሒሳቡን አንቺው ጨርሺው። ቁጭ ባለበት በደቂቃ ከ60 ወይም ከ70 ጊዜ በላይ የሚተነፍስን ሕፃን በአፍ ለመመገብ የምናመነታው ለዚህ ነው፤ አፉ ቢጠባም ጊዜ የለውም።

ያለጊዜያቸው የተወለዱትም ጉዳይ ይኸው ነው። ፅንስ በእናቱ ማኅፀን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንሽርቱን ውሃ መዋጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ መዋጥን ሳያውቅ የሚወለድ ልጅ ጥቂት ነው። የሚዘገየው መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ሳያጋጩ ማስኬዱ ነው፤ ይህ መልክ የሚይዘው ከ34ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ነው። በ32 ሳምንት የተወለደ ልጅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይተሽ «ርቦታል፣ ጡጦ ይሰጠው» ለማለት አትቸኩዪ።

እንግዲህ ደብተርሽን ዝጊና ሰዓት ይዘሽ ግቢ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራሽ መቁጠር ብቻ ይሁን። ከመመገቡ በፊት ሙሉ 1 ደቂቃ የደረቱን መነሳትና መውደቅ ቁጠሪ። ጡጦው ሲገባ ስንት ጊዜ ስቦ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ቁጠሪ። ሲያርፍ ደግሞ እንዴት እንደሚያርፍ እዪ፤ ተዝናንቶ ነው ወይስ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ አየር እየተሻማ? ጥቂት ቀን እንዲህ ስታደርጊ ከመጥቆሩ በፊት የነበሩት ነገሮች አንድ በአንድ ይታዩሻል፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጣቶቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፣ አፍንጫው ይሰፋል፣ በአፉ ጥግ ወተት ይፈስሳል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ፊቱን ያዞራል። ሕፃን ብዙ ጊዜ ተናግሮ ተናግሮ ነው የሚጠቁረው። ቆዳው ጠየም ያለ ልጅ ላይ ደግሞ ከንፈር ዙሪያውን ብቻ አትመኚ፤ ድዱንና ምላሱን እዪ።

ነርቮቹን ጣዪያቸው ማለቴ አይደለም። ጥያቄ ሳይኖርሽ ስለሸመደድሻቸው ነው አልጋው አጠገብ የሚጠፉብሽ። ገልብጪው፤ ካየሽው ነገር ተነስተሽ ወደ ነርቩ ሂጂ። መንጋጋው ካልጸና 5ኛውን የጭንቅላት ነርቭ አስቢ፣ ከንፈሩ ማንኪያውን ካልያዘ 7ኛውን፣ ምላሱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ 12ኛውን፣ ድምፁ ከተጎረነነና ወተቱ በአፍንጫው ከተመለሰ 9ኛውንና 10ኛውን (ላንቃው አለመሰንጠቁን ካየሽ በኋላ)። አንድ ልጅ አንድ ነርቭ ካስተማረሽ ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም። ሌላው ጥንቃቄ፣ የአዋቂ ሥዕል ላይ አታጥኚ። የጨቅላ ምላስ አፉን ይሞላዋል፣ ጉንጩ በስብ ትራስ ተደግፏል፣ ማንቁርቱ ላንቃው ሥር ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ እያደገ ሲሄድ ነው ሁሉም ዝቅ የሚለው። ለዚህም ነው በጨቅላነቱ ደህና ሲጠባ የነበረ ልጅ ሲያድግ ችግሩ የሚገለጥበት ጊዜ ያለው።

አንድ ሌላ ልምምድ አለኝ፤ ተማሪዎቼ በዚህ ይጠሉኛል። ጓደኛሽ በማንኪያ ታጉርስሽ። አንቺ ወደ ኋላ ዘንበል ብለሽ ተቀመጪ፣ እጅሽን ከጭንሽ አታንሺ፣ አትናገሪም። እሷ እንደፈለገች ትፍጠን፤ ማንኪያውን ወደ ላይ እያነሳች ላይኛው ጥርስሽ ላይ ትጥረገው፣ ሳትውጪ ሌላ ትጨምር፣ አፍሽን በየጊዜው ትጥረግልሽ። አራተኛው ማንኪያ ላይ አንገትሽ ሲገተርና ፊትሽን ማዞር ስትፈልጊ ይሰማሻል። «እምቢተኛ ልጅ» ተብሎ ካርድ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ታነቢዋለሽ።

እምቢታን ካነሳን፣ አብዛኛው ሥራሽ እዚህ ይሆናል። መዋጥ የሚችል ግን የማይበላ ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት የልጆችን የመመገብ ችግር በ4 በኩል እንድናየው ይጠይቃል፤ ሕመሙ፣ ሥነ ምግቡ፣ የመብላት ችሎታው፣ በልጁና በአብላዩ መካከል ያለው ነገር። እኔ የምጀምረው ከሕመሙ ነው። ሆዱ እየደረቀ፣ ጨጓራው እያቃጠለው ያለ ልጅ አፉን መዝጋቱ ጥበብ እንጂ ጥመት አይደለም። ለወራት በአፍንጫ ቱቦ የኖረ፣ ፊቱ አጠገብ የመጣ እጅ ሁሉ ያሳመመው ልጅም እንዲሁ። በግድ ማጉረስ ለዛሬ ጥቂት ማንኪያ ያስገባ ይሆናል፤ ነገ ግን ማንኪያውን ገና ከሩቅ ሲያየው ያለቅሳል። እናቲቱን ደግሞ አትፍረጂባት። ልጄ ክብደት አልጨመረም ተብላ በየቀጠሮው ሚዛን ፊት የቆመች ሴት ናት የምታስገድደው። «ስንት ሚሊ ሊትር ጠጣ?» ከሚለው በፊት «ለአንቺ የምግብ ሰዓት እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በዪ። ዝምታው ከበደኝ ብለሽ አትሙዪው።

ስለ መሣሪያዎቹ በአጭሩ። ሁለት ናቸው፤ ባሪየም (በኤክስሬይ ላይ ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበትን ምግብ ሲውጥ በኤክስሬይ ቪዲዮ ማየት፣ እና ሱዛን ላንግሞርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቁት፣ ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ አስገብቶ ጉሮሮን ማየት። የመጀመሪያው የመዋጡን ቅጽበት ያሳያል፣ ግን ጨረር ስላለው አጭር ነው፤ ልጁ የሚደክመው በ15ኛው ደቂቃ ከሆነ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የተነሳው ምስል ደህና ነው ሊልሽ ይችላል። ሁለተኛው ጨረር የለውም፣ ጡት እየጠባም ይሠራል፣ ግን ልክ ሲውጥ ምስሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አይተሽ ነው የምትፈርጂ። ሁለቱም ጥያቄ ይዘሽ ስትሄጂ ነው የሚመልሱልሽ። አልጋው አጠገብ ባየሽው ብቻ «አስፒሬሽን የለበትም» ብለሽ ግን አትጻፊ። እኔ ጽፌ አይቼዋለሁ።

ፈሳሽ ማወፈርም አንድ ቃል ይገባዋል፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነውና። ቀጭን ፈሳሽ ስለሚፈጥን፣ ወፈር ሲል ልጁ ጊዜ ያገኛል፤ አንዳንዴ በእርግጥ ይጠቅማል። ዛሬ የመጠጥና የምግብ ውፍረት ደረጃ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከ0 እስከ 7 ተለክቷል፤ ፈሳሹን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሞልተሽ ለ10 ሰከንድ ትለቂውና የቀረውን ታነቢያለሽ። ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2 ነው። ውሃ አስቀድሞ ወርዶ ያልቃል። መለኪያው በሚጠይቀው ዓይነት ሲሪንጅ ዛሬ ማታ ሥሪው፤ «ትንሽ ወፈር ይበል» የሚል ትእዛዝ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይገባሻል። ግን ማወፈሪያ ማዘዝ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ከ37 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ሕፃናት በዛንታን ጋም የተሠራ አንድ ማወፈሪያ እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው፣ አንጀትን የሚገድል ከባድ ሕመም ስለታየባቸው ነው። ብዙ ጊዜ ከማወፈር በፊት የሚሞከር ቀላል ነገር አለ፤ በጎኑ ማስተኛት፣ ቀዳዳው ጠበብ ያለ የጡጦ ጫፍ፣ ጥቂት ጊዜ ሲስብ ጡጦውን ዝቅ አድርጎ ማሳረፍ።

ምላስ በብሩሽ ማሸትና ፊሽካ ማስነፋት ብቻውን መዋጥ ያስተምራል ከሚሉሽ ጋር ብዙ አትከራከሪ። ልጅ መዋጥ የሚለምደው በመዋጥ ነው።

ልምረጠው ወይ ላልሽው፦ ዲግሪሽ መግቢያ በር ብቻ ነው፤ በብዙ አገር ከምረቃ በኋላም ብቻሽን ከመሥራትሽ በፊት በሰው ሥር ሆነሽ መለማመድ አለብሽ፣ ሕጉን ባለሽበት ጠይቂ። የምፈራው ያላየውን አይቻለሁ የሚለውን ተማሪ ነው። አንቺ አላየሁም ብለሽ ጽፈሽልኛል፣ ሌሊትም እንቅልፍ ነስቶሻል። እኔ ብሆን ቢያንስ 6 ወር እሰጠዋለሁ። ንግግሩም የትም አይሄድም።

ሰኞ ስትገቢ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። አስተማሪሽን ለብቻዋ አግኝተሽ «ያን ቀን ‹ይበቃል› ያልሽው ምን አይተሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ከንፈሯን እንደማትልሽ እገምታለሁ፤ ቅንድቧን ወይም ጣቶቿን ትልሽ ይሆናል። መልሷን ጻፊልኝ።